ጋሼ ደምሴ የዘጉት ጉልበት

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ ጋቢ ሸለመኝ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው አስቦበት ቢሆን ኖሮ በርኖስ ይሰጠኝ ነበር፤ ግን ስጦታ ነውና አመስግኜ ተቀበልኩ። መሐል ሜዳ በሚገኘው የስብሰባ አዳራሽ ለስላሳና ቆሎ ቀርቦ አንድ ወጣት ባልደረባችን የሥራ ዘመኔን ከወረቀት አነበበ። በቴኳንዶ አሰልጣኝነቴ ለወረዳው ያስገኘኋቸውን ሜዳሊያዎች አንድ በአንድ ጠራ። ሰው አጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ላይ ግን አንዲት ሴት ቀኝ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳታጨበጭብ ተቀምጣ ነበር። ብርቄ ናት። ከተጠሩት ሜዳሊያዎች ትልቁን ያመጣችው እሷ ነች፤ ስሟን ግን ማንም አላነሳም።

ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጥኑ ላይ ስወረውረው ንዴት እንጂ ደስታ አልተሰማኝም። የጋሼ ደምሴም ስም አልተነሳም። በሥራ ዘመኔ ያወቅሁት ቁም ነገር ሁሉ ከእሳቸው የተገኘ ነው። የደረሰብኝ ትልቁ ውድቀትም ከእሳቸውና ከብርቄ ጋር የተያያዘ ነው። ወረቀቱ ካልተናገረው እኔው ልናገረው።

ሥራ የጀመርኩት ዘመሮ ውስጥ በስፖርት መምህርነት ነበር። የኳስ ሜዳችን ተዳፋት ስለነበር ኳሷ አንዴ ካመለጠች ተፈልጋ እስክትመጣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ደመወዜ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለጫማ አይደርስም ነበር፤ የመምህር ነገር የታወቀ ስለሆነ አልዘረዝረውም። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አንድ ጎልማሳ ውርጭ በነጣበት ሣር ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው አየሁ። በርኖሳቸውን አጥር ላይ ሰቅለዋል። እጃቸውን ቀስ አድርገው ይዘረጋሉ፣ ይሰበስባሉ፤ ከዚያ አንድ እግራቸውን አንስተው አየር ላይ ያቆዩታል። ጤና የጎደላቸው መስሎኝ መንገድ ቀየርኩ። በማግስቱም እዚያው ነበሩ። ጉዳዩ አላስችል ሲለኝ ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?»

«ቴኳንዶ።»

«ከማን ጋር ሊጋጠሙ ነው?»

«ከማንም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

እግራቸውን አወረዱና አዩኝ። «አንተ ጠዋት ፊትህን የምትታጠበው ከማን ጋር ልትጋጠም ነው?»

በማግስቱ ጫማዬን አውልቄ ከጎናቸው ቆምኩ።

ጋሼ ደምሴ ቴኳንዶ የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ ነው። እናታቸው ሲታመሙ ሊያስታምሙ መጥተው በዚያው ገበሬ ሆነው ቀሩ። ውድድር ገብተው አያውቁም። ጥቁር ቀበቶ አላቸው ይባል ነበር፤ እኔ ግን ወገባቸው ላይ ያየሁት የሱሪያቸውን ጠፍር ብቻ ነው። ሌላው አሰልጣኝ ተማሪ ሲመታ የሚያየው የተወረወረውን እግር ነው። እሳቸው ጎንበስ ብለው የሚያዩት መሬት ላይ የቀረውን ነው። በጎን ስትመታ የቆምክበት እግር ተረከዙ ወደ ተመቺው መዞር አለበት። እሱ ተተክሎ ከቀረ ሰውነትህ ዞሮ ጉልበትህን ይጠመዝዘዋል። ይህን ለማስተማር ጣውላ ወለል ላይ የበግ ቆዳ ጸጉሩን ወደ መሬት አድርገው ያነጥፉና እዚያ ላይ ያቆሙናል። ቆዳው አብሮን ካልዞረ እግራችን አልዞረም ማለት ነው። እንደገና ያስጀምሩናል።

ቤት ውስጥ በምንሠራበት ቀን ከሁሉ ቀድመው መጥተው ወለሉን በእርጥብ ጆንያ ይወለውላሉ። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ። «በእጄ ካልነካሁት የቱ ጋ እንደሚያዳልጥ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ጎበዝ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ልጅ አሳምሮ ሲሠራ «ነገ ና» ይሉታል። ሳያሳምር ሲቀር ዝም ይሉታል። ያችን «ነገ ና» ለመስማት ስንቱ ተንጠራርቷል! እኔ ራሴ አሰልጣኝ ስሆን ልላት ሞክሬ አፌ ላይ አልቀና አለችኝ፤ እንደማንኛውም አሰልጣኝ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያልኩ መጮህ ሆነ ሥራዬ።

ከልማዳቸው ሁሉ ትልቁ መዝጋት ነው። ዘመዶቻቸው ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሣር መሬት፣ ከሚጠብቁት መካከል ነበሩ። ጓሳ ሲዘጋ ዓመታት ቢያልፉም ሣሩ አይታጨድም፣ ከብትም አይገባበትም። ሲከፈት ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በገበያ ይነገርና ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ወረቀት አሳዩኝ የሚል የለም፤ ሳይከፈት ተከፈተ ብሎ የሚዋሽ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥርም የለም። ጋሼ ደምሴ ይህን ደንብ ወደ ቴኳንዶው አመጡት። አንድ ልጅ ጉልበቱን ወይም ትከሻውን ሲያመው አስቀምጠው እጃቸውን ቦታው ላይ ያሳርፉና «ዘግቼዋለሁ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ በዚያ እግር አይሠራም፤ ጓደኞቹም «ዝግ ነው» እየተባባሉ ይጠነቀቁለታል። ሲድን መልሰው እጃቸውን ያሳርፋሉ፣ እግሩን በእጃቸው ከፍ አድርገው ያነሱና «ተከፍቷል» ይላሉ። የሐኪም ትእዛዝ የሚጥስ ልጅ በየጊዜው አይቻለሁ። የእሳቸውን ዝግ የሚደፍር ግን አልነበረም።

ከዘመሮ ወደ መርሐቤቴ ተዛወርኩ። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ሙቀቷ ሌላ ነው፤ ብርድ የለመደው ገላዬ እስኪለምደው ድረስ ከተማሪዎቼ በፊት የሚደክመው እኔ ነበርኩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሚመጡ የጨርቅ ነጋዴ ልጆች ነበሩኝ፤ ሱቅ ውስጥ ቆመው ውለው እንደገና ለመቆም የማይሰንፉ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ስለ ቴኳንዶ የሚያውቁት ፊልም ላይ ያዩትን ብቻ ስለነበር ሥራዬን ለእኔ ተዉልኝ። እንደሳቸው ያለ አለቃ ዳግመኛ አልገጠመኝም።

በመጨረሻ መሐል ሜዳ የስፖርት ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ደጅ ጠንቼ አስፈቀድኩና ወለሉን ጣውላ አስመታሁት። ጋሼ ደምሴም እህታቸው ዘንድ ሊሰነብቱ መጥተው በዚያው ጠዋት ጠዋት የሚያሠሩ ሆኑ። ከሰዓት የእኔ ተወዳዳሪ ልጆች ይገባሉ። ጠዋት ግን ቤቱ ለማንም ክፍት ነው፤ ነርሷም፣ ሹፌሩም፣ የደብሩ መሪጌታም ይመጣሉ። መሪጌታ ማሕሌት ቆመው ሲያድሩ ወገባቸው አላስቆም ብሏቸው ነበር። ጋሼ ደምሴ አቋቋም ብቻ አስተማሯቸው። ምት የሚባል ነገር ሳይሞክሩ ወገባቸው ቀና አለ።

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ጌትነት አንድ ጠዋት ብቅ አለና መሪጌታን በጥምጣማቸው ቆመው አገኛቸው። ወደ ጎን ጎተተኝ።

«እኚህ ሰውዬ በስንት ኪሎ ነው የሚወዳደሩት?»

«ከማሕሌቱ ጋር ነው የሚወዳደሩት» አልኩት።

አልሳቀም። እሱም በበኩሉ አለቃ አለበት። ሪፖርቱ ላይ «የተገኘ ሜዳሊያ» የሚል ዓምድ እንጂ «ወገቡ የዳነለት» የሚል ዓምድ የለም። ሜዳሊያ ካልመጣ መጋዘኑ ለሌላ ሥራ እንደሚሰጥ ነገረኝና ሄደ።

ውድድር እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። የልጆቼ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ደረቴ ይነፋል፤ ሲሸነፉም እህል አይወርድልኝም። ሰነፉን ልጅ ከአልጋው የሚያስነሳው ውድድር ነው። ዓይን አፋሩም አንገቱን ቀና የሚያደርገው እዚያ ነው። የማልወደው አንድ ነገር ነበር። ለውድድር ስናዘጋጃቸው ምታቸው ሁሉ ነጥብ ለመልቀም ብቻ ይሆናል፤ ነጥብ የማያስገኘውን ይተዉታል። መጀመሪያ የሚተዉት ደግሞ ያንን መሬት ላይ ያለውን እግር ነው።

ብርቄ የባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቶሎ የምትናደድ፣ ቶሎ የምትስቅ። ጠዋትም ከሰዓትም የምትመጣ እሷ ብቻ ነበረች። ጠዋት ከጋሼ ደምሴ ጋር ፑምሴ የሚባለውን፣ ተጋጣሚ ሳይኖር ብቻን የሚሠራውን ስልት ትሠራለች፤ ከሰዓት ከእኔ ጋር ትጋጠማለች። ሁለቱም ይዋጣላት ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ደምሴ «ነገ ነይ» ብለዋት ሲወጡ ወደ እኔ መጣች።

«መምጣቱንስ እመጣለሁ ጋሽ ታደሰ። ጎበዝ ነሽ የሚለኝ ግን ማነው?»

«ዳኛው ይልሻል» አልኳት። እየቀለድኩ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

የመጀመሪያ ውድድሯን ደብረ ብርሃን ላይ አደረገች። እኛ የለመድነው ለስላሳ ጣውላ ነው፤ እዚያ የሚነጠፈው ላስቲክ ደግሞ እግር ይይዛል። በግራ እግሯ ስትመታ የቆመችበት ቀኝ እግር ሳይዞር ቀረና ጉልበቷ ተጠመዘዘ። አነከሰች እንጂ አልወደቀችም። ስንመለስ ጋሼ ደምሴ አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ጉልበቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ «ዘግቼዋለሁ» አሏት።

ወራት አለፉ። ብርቄ በዝጉ ጊዜ እጇን ብቻ ታሠራ ነበር። በዚያ መካከል ጋሼ ደምሴ ሳንባቸውን ታመሙና ዘመዶቻቸው ወደ ዘመሮ ወሰዷቸው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚደረገው የክልል ተወዳዳሪዎች መምረጫ ውድድር የታወጀውም ያኔ ነው። አቶ ጌትነት ቢሮው ጠራኝ።

«ሐኪሙ ድናለች ብሏል። ምን ቀረ?»

«ጋሼ ደምሴ አልከፈቱትም።»

«ሂድና አስከፍት!»

ሄድኩ። ጋሼ ደምሴ ቤታቸው ውስጥ በርኖስ ተደራርቦላቸው ተኝተው አገኘኋቸው። አንድ ቃል ተናግረው ትንፋሽ እስኪሰበስቡ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ጉዳዩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልዳነችም። ስትራመድ አይቻታለሁ፤ ያን እግር እየሸሸችው ነው። ከፋሲካ በኋላ አምጣልኝ።» ለአቶ ጌትነት ደውዬ እንዳሉት ነገርኩት። እሺ አለኝ። በዚህ ሁኔታ ትቻቸው መሄድ አልሆነልኝም፤ ሌሎቹን ልጆች ረዳት አሰልጣኙ ይዟቸው ይሂድ ብዬ እዚያው ሰነበትኩ። የብርቄ ነገር አለቀ ብዬ ነበር።

አንድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ብርቄ ናት፤ ከደብረ ብርሃን፣ ከሐኪም ቤት። ታለቅሳለች። ወርቅ አግኝታለች። ወርቁን ያስገኘላትን ምት ስትመታ የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጥሷል። ዘርዝሬ ልጠይቃት ስል አቋረጠችኝ። «ጋሼን ያገናኙኝ» አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አፋቸው አጠገብ ያዝኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አቶ ጌትነት ‹ዘመሮ ሄጄ አስከፍቼዋለሁ፣ ጋሼ ከፍተውልሻል› ሲለኝ፣ እኔ...»

ጋሼ ደምሴ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። አቶ ጌትነት እዚያ ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ውሸት ነው ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልጄ» አሏት። «ቸኩዬ ከፈትኩት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

በስልኩ ውስጥ ልቅሶዋ ቀጠለ።

«አሁን መልሼ ዘግቼዋለሁ» አሉ። «እንዳትነኪው።»

ስልኩን ስዘጋው ንዴቴ ገነፈለ። «ለምን ጋሼ? ያንን ውሸታም ለምን ይሸፍኑለታል?»

ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። «እሱን አይደለም። በዝግ የሚዋሽ ሰው አለ ብላ ካወቀች ከእንግዲህ የማንን ቃል ታምናለች? አንድ ሽማግሌ ተሳሳተ ብላ ትኑር። ይኼ ይሻላታል።»

ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። የቀበርናቸው ጾም ላይ ነው፤ መሪጌታ በእግራቸው መጥተው ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ጸለዩላቸው።

መሐል ሜዳ ስመለስ በቀጥታ አቶ ጌትነት ቢሮ ገባሁ። «ሐኪሙ ድናለች ካለ ተከፍቷል ብዬ ነው የቆጠርኩት» አለኝ። «ልጅቷን ልጎዳት ፈልጌ መሰለህ? መጋዘኑን ሊወስዱት ነበር እኮ! በማን ሜዳሊያ ነው የተረፈው?» ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ እንቅልፍም ያገኘ አይመስልም። ዕድሜዬን ሙሉ መምታት ሳስተምር ኖሬ ሰው መምታት የፈለግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግን ብጮህ ከተማው ይሰማል፤ ከተማው ከሰማ ብርቄ ትሰማለች። እጄን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ተዛወረ።

ብርቄ ስፌት ተማረች። ከመጋዘኑ ማዶ ባለች አንዲት በረንዳ የስፌት መኪናዋን ተከለች፤ መርገጫውን የምትረግጠው በግራ እግሯ ነው። ሐኪሞቹ ቀስ እያልሽ ብትንቀሳቀሽ ይጠቅምሻል ብለዋት ነበር። ጠዋት ነይና ከእነ መሪጌታ ጋር ቁሚ፣ መምታት የለም፣ መቆም ብቻ ብዬ በየጊዜው ለመንኳት። መልሷ አንድ ነበር። «ዝግ ነው ጋሽ ታደሰ።» ዘጊው ሞተዋል፤ ማን ይክፈተው? እኔ የሜዳሊያ አሰልጣኝ ነኝ፤ በእሳቸው እጅ ፋንታ እጄን ማሳረፍ አፈርኩ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ከሰዓት ልጆች ይጮሃሉ፣ ነጥብ የሚቆጥር መሣሪያም መጣልን፤ የጠዋቶቹ ሰዎች ግን አንድ በአንድ ቀሩ፤ መሪጌታም አረፉ።

ጋቢ በተሸለምኩ ማግስት ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። አዲሱ አሰልጣኝ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቁልፉን አልቀማኝም። ጆንያውን አርጥቤ ወለሉን ስወለውል ከበሩ የእግር ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ቀለል ያለ። ብርቄ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ትናንት ስምሽን ሳይጠሩ ቀሩ» አልኳት። «አዝኛለሁ።»

«እኔ እንኳ እንዳይጠሩት ስጸልይ ነበር» አለች።

ከእንግዲህ አለቃ የለብኝም፤ የምፈራው ነገርም አልታየኝም። ጆንያውን አስቀምጬ ፊቷ ተንበረከክሁ። «ብርቄ፣ ጓሳን የዘጋው ሰው ሲሞት ጓሳ እንደተዘጋ አይቀርም። የተካው ይከፍተዋል። ይህን ቤት ከእሳቸው የተረከብኩት እኔ ነኝ። ልክፈተው?» እጄን ወደ ጉልበቷ ዘረጋሁ።

እጄን አየር ላይ ያዘችው።

«ያኔ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር» አለች።

«የቱ?» አልኳት።

«አቶ ጌትነት ‹ጋሼ ከፍተውልሻል› ሲለኝ። ጋሼ እጃቸውን ሳያሳርፉ፣ እግር በእጃቸው ሳያነሱ ከፍተው ያውቃሉ? አያውቁም። ያንን ማን እንደኔ ያውቃል? እያወቅሁ ነው የገባሁት። ዳኛው እጄን ከፍ ሲያደርገው ማየት ፈለግሁ ጋሽ ታደሰ። የደወልኩትም ይህንኑ ልነግራቸው ነበር። ጀምሬውም ነበር። ቀደሙኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ሲሉኝ ለእኔ ብለው እንደሚዋሹ ገባኝ፤ አይደለም እንዳልላቸው ድምፄ ጠፋ። ሌላ ጊዜ እነግራቸዋለሁ ስል ሞቱብኝ።»

ጋሼ ደምሴ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ያተረፉላት እምነት እሷ ዘንድ ቀድሞም አልጎደለም ነበር። የጎደለባት ጥፋቷን ተናግራ ይቅር መባል ነው፤ እሱን ደግሞ የእሳቸው ደግነት ነፈጋት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አብሬያት አለቀስኩ።

«ልክፈተው» አልኳት እንደገና።

«አይክፈቱት። እንዲያውቁት ብቻ ነው የመጣሁት።» ተነሳች። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ ስትደርስ «ብርቄ» ብዬ ጠራኋት። ዞረች። «ነገ ነይ» አልኳት። ያችን ቃል ከአፌ አውጥቼ ለሰው ስል ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ቆማ አየችኝ። «ስፌት አለብኝ» ብላ ወጣች።

ክረምቱ አልፎ አሁን ውርጩ ገብቷል። አልመጣችም። ጠዋት በሩን ስከፍት የስፌት መኪናዋን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ እሰማለሁ። ወለሉን ስወለውል እሷ ትቆምበት የነበረውን ቦታ አልዘልም። እንደ ጋሼ ደምሴ የበግ ቆዳም እዚያው አነጥፋለሁ፣ ጸጉሩን ወደ መሬት አድርጌ።